አንድ ድንጋይ የጣለው፣ ስሙ ያነሳው መካኒክ

ኮልፌ ቀራንዮ በመዶሻ ድምፅ ነው የሚነቃው። የጅማን መንገድ ይዞ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ሰው ከዋናው አስፋልት ገባ ቢል፣ በቆርቆሮ የታጠሩ ጋራዦች በየግቢው ሥራ ጀምረው ያገኛቸዋል። ባቲላሜራው የተጨማደደ ፓራፋንጎ ያቃናል፤ ጎሚስታው ጎማ ይነፋል፤ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ የገባው መካኒክ ደግሞ ከእግሩ በቀር የሚታይ ነገር የለውም።

በዚህ ገበያ ዕቃው ቶሎ ይመጣል፣ ገንዘቡ ግን ይዘገያል። መለዋወጫው ከሶማሌ ተራ በአንድ ምልልስ ይደርሳል። ባለታክሲው ግን "መኪናዋ ሠርታ ትክፈልህ" ይላል። መካኒኩም ዕቃውን በስሙ በዱቤ አውጥቶ፣ ለረዳቶቹ የቀን አበላቸውን ከኪሱ ሰጥቶ፣ የእቁቡን ዕጣ ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ የአሮጌ መኪና ዕድሜ ከመቼውም ይበልጥ በእርሱ እጅ ላይ ወድቋል። ታዲያ የዚህ ሙያተኛ ካፒታል ምንድነው ቢባል፣ መልሱ እጁና ስሙ ነው።

እጅና ስም ብቻ ይዞ ወዴት መድረስ እንደሚቻል በሩቅ አገር አንድ ባለጋራዥ በሕይወቱ አሳይቷል። ሰውየው አውስትራሊያዊው ዲክ ጆንሰን ነው። አገሩ የሚያውቀው በመኪና እሽቅድምድም ነው። የሕይወት ታሪኩ ግን የውድድር ብቻ ሳይሆን የዱቤ፣ የኪሳራና የአመኔታ ታሪክም ነው።

እሁድ ውድድር፣ ሰኞ ሽያጭ

ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1945 በብሪዝበን ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ ቤንዚን ማደያና ጋራዥ ይዞ ይሠራ ነበር። ውድድርን የጀመረው በ1960ዎቹ በሆልደን መኪና ሲሆን፣ ኋላ ላይ ወደ ፎርድ ዞረ።

የተሰማራበት የውድድር ዓይነት በአውስትራሊያ ከፍተኛ የንግድ ትርጉም አለው። የሚወዳደሩት መኪኖች ለውድድር ብቻ ተብለው እንደሚሠሩት አንድ መቀመጫ ያላቸው ተሽከርካሪዎች አይደሉም። ሕዝቡ በየሱቁ ከሚገዛቸው የቤት አውቶሞቢሎች ተነስተው የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን አገሬው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ የሆልደን፣ ሌላው የፎርድ ደጋፊ ነው። እሁድ ያሸነፈ መኪና ሰኞ ገዢ ያገኛል የሚለው አባባል በመኪና ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ መሪ ብቻ አይጨብጥም፤ ፋብሪካው ሊያቀርበው የማይችለውን ምስክርነት የሚሰጥ ሻጭም ነው።

የዚህ ገበያ ትልቁ ቀን በየዓመቱ በጥቅምት ወር ላይ ይውላል። ከሲድኒ በስተ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባትረስት ከተማ፣ ፓኖራማ በሚባል ተራራ ላይ የ1,000 ኪሎ ሜትር ውድድር ይካሄዳል። አንዱ ዙር ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መንገዱ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል የ174 ሜትር ልዩነት አለው። በአዘቦት ቀን ማንም የሚነዳበት የሕዝብ መንገድ ነው። መኪናዋን ሁለት ሾፌሮች እየተቀያየሩ ቀኑን ሙሉ ይነዷታል፤ ቴሌቪዥንም ቀኑን ሙሉ ያሳያል።

ጆንሰን ለ1980ው ውድድር ፎርድ ፋልከኑን ያዘጋጀው በራሱ ጋራዥ ነው። ያለውን ሁሉ በመኪናዋ ላይ አዋለ። በተቃራኒው ጎራ የቆመው የሆልደኑ ፒተር ብሮክ ነበር። ብሮክ ያን ጊዜ ባትረስትን አራት ጊዜ ያሸነፈ ዝነኛ ነበር። ማንም ብዙም ያልገመተው የብሪዝበን መካኒክ ግን ውድድሩ እንደተጀመረ ብሮክን ጨምሮ ሁሉንም አስከትሎ ፊት ፊት መምራት ያዘ።

ገና ሃያ ዙር ሳይሞላ፣ ዳገቱ ላይ የተበላሸ መኪና ሊያነሳ የቆመ ተሽከርካሪ መንገዱን አጥብቦት ነበር። ጆንሰን በቀረችው ክፍተት ሊያልፍ መሪውን ሲጠመዝዝ ከአስፋልቱ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አገኘ። ማምለጫ አልነበረውም። ጎማው ፈነዳ፤ መኪናዋም ከግንብ ጋር ተላተመች። ድንጋዩ ከተመልካች እግር ሥር ተንከባለለ፣ ሆን ተብሎ ተወረወረ እየተባለ ለዓመታት አከራክሯል።

አንድ የኮልፌ ባለጋራዥ ያን ቀን የደረሰውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ያለቀው የአንድ ቀን ውድድር አልነበረም። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የሌሊት ሥራው፣ የተበደረው ሁሉ ግንቡ ሥር ቀርቷል። መኪናዋን እንደገና ለመሥራት የሚያስችል ሌላ ገንዘብ አልነበረም።

ሕዝብ ያዋጣው ዱቤ

የቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ማይክሮፎናቸውን ይዘው ሲደርሱ ጆንሰን እንባ ተናንቆት ነበር። ሰበብ አላበዛም፤ እርዳታም አልጠየቀም። ሁሉ ነገር እንዳለቀና ወደ ውድድር መመለሱ እንደሚያጠራጥር ብቻ ተናገረ። ይሁን እንጂ በየቤቱ ሆኖ ያየው ሕዝብ ዝም አላለም። የቴሌቪዥን ጣቢያው ስልክ መጥራት ጀመረ። ገንዘብ እንስጥ የሚሉ ሰዎች ከየአቅጣጫው ደወሉ።

ከተመልካቾች የተሰበሰበው ወደ 72,000 የአውስትራሊያ ዶላር ደረሰ። የፎርድ አውስትራሊያ ኩባንያም ሕዝቡ ላዋጣው ለእያንዳንዱ ዶላር አንድ ዶላር እጨምራለሁ ብሎ ቃሉን በመጠበቁ መዋጮው እጥፍ ሆነ። በድንጋይ የተሰበረችው መኪና ባታሸንፍም፣ የፎርድን ስም በዚያ ሰሞን የእርሷን ያህል ያስነሳ አልነበረም።

እዚህ ላይ የገበያ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ያ ገንዘብ የምጽዋት ያህል ቢመስልም ምጽዋት አልነበረም። ሰዎቹ የከፈሉት መካኒኩ በዓይናቸው ፊት ሲሠራ አይተው፣ ነገም ይሠራል ብለው ነው። ማንም ውል አላስፈረመውም፤ መያዣም አልጠየቀውም። ለጆንሰን ግን ከባንክ ብድር የከበደ ዕዳ ሆነበት። የባንክ ዕዳ በወለድ ይከፈላል፤ የሕዝብ ዕዳ ግን በማሸነፍ ካልሆነ በሌላ አይከፈልም።

ክፍያውም ብዙ አልዘገየም። በ1981 አዲሷ ፋልከን ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ብቅ አለች። በጎኗ የተጻፈው "ትሩ ብሉ" የሚለው ስም የብረት ቱቦ ምርት ስም ነው። ስፖንሰሩ ፓልመር የተባለው የቱቦ ፋብሪካ ነበር። ቱቦላሬ ሻጭ በመኪና እሽቅድምድም ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ገዢው የት እንዳለ ማሰብ ነው። ቱቦ የሚገዛው ብየዳ ቤትና ግንበኛ ቅዳሜና እሁድ ውድድሩን ከሚመለከተው ሕዝብ መካከል ነው።

በዚያ ዓመት ጆንሰን የአውስትራሊያ ሻምፒዮናነትን በመጨረሻው ውድድር ከብሮክ ጋር ተናንቆ ወሰደ። በጥቅምት ደግሞ ከጆን ፍሬንች ጋር ሆኖ ወደ ባትረስት ተመለሰ። ውድድሩ ከ120 ዙር በኋላ ብዙ መኪኖች ተጋጭተው መንገዱ በመዘጋቱ ተቋረጠ። በዚያች ሰዓት ይመራ የነበረው ጆንሰን አሸናፊነቱ ታወጀለት። ድንጋዩ ከጣለው ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ዕዳው በዚያው ተራራ ላይ ተከፈለ።

የአንድ ሌሊት ሥራ

የሾፌር ሙያ ግን አንዴ ከቆሙበት የማይወድቁበት አይደለም። በ1983 በባትረስት ቅዳሜ ዕለት፣ የመነሻ ቦታ ለመለየት በሚደረገው ሙከራ የጆንሰን መኪና ከመንገድ ወጥታ ዛፎች መካከል ገባች። ብረቷ እንደ ወረቀት ተጨማዶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ውድድር አለ፤ ስፖንሰሩም ገንዘቡን ከፍሏል።

ቡድኑ ከሌላ ተወዳዳሪ ተመሳሳይ ፋልከን ገዛ። ከተሰባበረችው ውስጥ የሚተርፈውን እየነቀሉ ከገዟት ላይ ገጠሙ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አደሩ፤ አረንጓዴ ቀለም ቀቡና የቱቦ ፋብሪካውን ስም ጻፉባት። እሁድ ጠዋት መኪናዋ መነሻው ላይ ቆመች። ውድድሩን ባትጨርስም ጆንሰን ለደንበኛው የገባውን ቃል ጠበቀ። "ነገ ጠዋት ውሰዳት" ብሎ ሌሊቱን ያነጋ ባቲላሜራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በ1980ዎቹ ሌላም ገበያ ተከፈተለት። ቴሌቪዥን ካሜራና ማይክሮፎን በመኪናው ውስጥ መግጠም ጀምሮ ነበር። ጆንሰንም እየነዳ ከተንታኞች ጋር ያወራ፣ ይቀልድም ነበር። ተመልካቹ ሳሎኑ ተቀምጦ ሳለ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ያህል ተሰማው። ይህም ለስፖንሰር ከማንኛውም የጋዜጣ ማስታወቂያ የበለጠ ዋጋ ነበረው። በ1987 የነዳጅ ኩባንያው ሼል ደጋፊው ሆነ። በፎርድ ሲዬራ የ1988ንና የ1989ን ሻምፒዮናነት ሲወስድ፣ ከ1981፣ ከ1982 እና ከ1984 ድሎቹ ጋር አምስት ሞላለት። ባትረስትንም በ1989 እና በ1994 ከጆን ቦው ጋር በማሸነፍ ሦስት አደረሰ። በ1999 ከልጁ ከስቲቨን ጋር በአንድ መኪና ባትረስትን ነድቶ ከመሪው ተነሳ።

ከመሪው ቢነሳም ከወጪው አልተነሳም። የውድድር ቡድን በየሳምንቱ ደመወዝ፣ ጎማና ሞተር የሚበላ ጋራዥ ነው። ስፖንሰር ሲሄድ ወጪው አብሮት አይሄድም። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቡድኑ ገንዘብ አጥሮት ተቸገረ። በ2010 ሾፌሩ ጄምስ ኮርትኒ ሻምፒዮን ቢሆንም ችግሩ በዚያ አልተቃለለም። በ2014 ጆንሰን የሠራውን ቤት ግማሽ በላይ፣ ማለትም 51 ከመቶ ድርሻ፣ ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለሮጀር ፔንስኪ አሳለፈ። በስሙ የሚጠራውን ቤት ለሌላ ማካፈል ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም ስሙ ከድርጅቱ በር ላይ አልወረደም። ስኮት ማክላውሊን በዚህ ቡድን የ2018፣ የ2019 እና የ2020 ሻምፒዮን ሆነ። ፔንስኪ በ2020 መጨረሻ ሲወጣ ቡድኑ ወደ ጥንት ስሙ፣ ዲክ ጆንሰን ሬሲንግ፣ ተመለሰ።

በመካከሉ የገበያው ምሰሶዎች ራሳቸው ወደቁ። ፎርድ በ2016፣ ሆልደን ደግሞ በ2017 በአውስትራሊያ መኪና መገጣጠም አቆሙ። አገሩን ለሁለት የከፈሉት ፋብሪካዎች ተዘጉ። የብሪዝበኑ መካኒክ ስም ግን ከሁለቱም ፋብሪካዎች በላይ ዕድሜ አገኘ።

ኮልፌ ውስጥ ለሚሠራ መካኒክ ካሜራም፣ የሚያዋጣ የቴሌቪዥን ተመልካችም የለም። የእርሱ ተመልካች ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያበድረው ነጋዴ፣ መኪናውን አስረክቦ የሄደው ባለታክሲ፣ አብሮት እቁብ የሚጥለው ጎረቤት ነው። እነርሱም እንደ አውስትራሊያው ተመልካች ያያሉ፤ ቃሉን ይመዝናሉ፤ ድንጋይ ሲገጥመው ምን እንደሚል ይሰማሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለባለጋራዥ ግን ስም ገና በቁሙ፣ በነጋታው ጠዋት ዕቃ በዱቤ ሲጠይቅ፣ ሥራ ይጀምራል።