ዶሮ ማስታቀፍ፦ ከሃያ አንዱ ቀን በፊትና በኋላ

እንቁላል መጣሏን ትታ ጎጆዋ ላይ የተጋደመች ዶሮ በብዙ ቤት እንደ ሥራ ፈት ትቆጠራለች። የሚደረግባትም ይታወቃል፦ ከጎጆዋ ይነዷታል፣ እግሯን ያስሯታል፣ ለጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት ያሳድሯታል፣ ላባ ነቅለው አፍንጫዋ ውስጥ ይሰኩባታል፤ ቁልቁል የሚሰቅላትም አለ። ከጭካኔው በስተጀርባ ሂሳብ አለ። የታቀፈች ዶሮ አትጥልም፤ የሀበሻ ዶሮ ደግሞ ብትጥልም በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው፣ ያውም በሦስት ወይም በአራት ዙር ተከፋፍሎ። ከዚህች ትንሽ ላይ ሌላ መቀነስ ኪሳራ ይመስላል። ሂሳቡ ግን ግማሹን ብቻ የቆጠረ ነው። በአግባቡ ከያዝነው፣ ዶሮዋ ለቤት ከምትሰጠው ሁሉ የላቀ ዋጋ ያለው ይኸው የመታቀፍ ጠባይዋ ነው። ኪሳራው የሚመጣው ስለታቀፈች ሳይሆን፣ እሷ ፈልፍላ ያስረከበችውን ባለቤቱ ስለማይረከባት ነው።

በመጀመሪያ ጎጆው ላይ ሆና ምን እየሠራች እንደሆነ እንይ። የምትጥለው እንቁላል አሥር አሥራ ሁለት ሲደርስ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ ከፍ ይላል፤ መጣሏን ታቆማለች፣ የደረቷ ላባ ይሳሳና ባዶው ቆዳዋ በቀጥታ እንቁላሉን ይነካል። ሌሊትም ቆጥ ላይ አትወጣም፤ እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ትጮሃለች፣ ትነክሳለችም። ከዚያ በኋላ የምትሠራው ሥራ ውድ ማሽን የሚሠራውን ነው። እንቁላሉን 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሙቀት ላይ ታቆየዋለች። ፅንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር እንዳይጣበቅ በቀን ብዙ ጊዜ በመንቁሯ ታገላብጠዋለች፤ ዳር ያለውን ወደ መሐል፣ የመሐሉን ወደ ዳር ትለዋውጣለች። በቀን አንድ ጊዜ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ወርዳ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ኩሷን ከጎጆዋ ርቃ ጥላ ትመለሳለች። በዚያች ደቂቃ እንቁላሉ መቀዝቀዙ አይጎዳውም፤ የሚጎዳው የተጨነቀ ባለቤት መልሶ ሊያስቀምጣት ሲያሯሩጣት ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ተራርቀው የተጣሉ እንቁላሎች በአንድ ቀን የሚፈለፈሉትም ያለ ምክንያት አይደለም፦ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ እንቁላል ፅንሱ እድገቱን ገትቶ ይቆያል፣ እስኪፈለፈል ያለው ሃያ አንድ ቀንም የሚቆጠረው ዶሮዋ ከተቀመጠችበት ቀን ጀምሮ ነው።

የባለቤቱ ሥራ ከዚያ ቀን በፊት ይጀምራል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ያለ አውራ ዶሮ የተጣለ እንቁላል ስንት ቀን ቢታቀፉት አይፈለፈልም፤ ለስምንት ወይም ለአሥር ሴት አንድ ጤነኛ አውራ ይበቃል። ለማስታቀፍ የሚመረጠው መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀ፣ ቅርጹ ያልተዛባ እንቁላል ነው። ቢቆሽሽም አይታጠብም፤ ውኃው ጀርም የሚከላከለውን ስስ ሽፋን ያነሳዋል። ሹሉን ወደ ታች አድርጎ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። በጤፍ ወይም በገብስ ውስጥ መቅበር የእናቶቻችን ዘዴ ነው፣ ጥሩ ዘዴም ነው፤ ነገር ግን ከሳምንት በኋላ የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከአሥር ቀን ያለፈው ለወጥ ቢሆን ይሻላል። ቁጥሩን በተመለከተ፣ ጎዶሎ መሆን አለበት የሚለው ልማድ ጉዳት የለውም፣ ጥቅምም የለውም። የሚወስነው የዶሮዋ ግዝፈት ነው፦ የሀበሻ ዶሮ ከራሷ እንቁላል አሥራ ሁለት ገደማ በደንብ ትሸፍናለች፣ ከትልልቁ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ግን ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ባይበልጥ ይመረጣል። አንዱ እንኳ ከክንፏ ውጭ ከቀረ፣ በምታገላብጥበት ጊዜ ብርዱ በተራ ሁሉንም ይደርሳቸዋል።

ጎጆው ጨለም ያለና ጸጥታ ያለው ቦታ ላይ፣ ጭድ በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ወይም በተሰበረ ገንቦ ግማሽ ሊዘጋጅ ይችላል። ዶሮዋን ወደ አዲሱ ጎጆ ማዛወር በምሽት ነው፤ በመጀመሪያ ለሁለት ቀን በማይፈለግ እንቁላል መሞከር፣ ከጸናች ደግሞ የተመረጡትን በአንድ ጊዜ መተካት ያዋጣል። እንቁላሎቹ ላይ በእርሳስ ወይም በከሰል ምልክት ቢደረግ ሌላ ዶሮ መጥታ የምትጨምርበት ወዲያው ይታወቃል። ቅማልና ቁንጫ ታቃፊን ከጎጆዋ ከሚያስነሱ ነገሮች ዋነኞቹ ናቸውና ከጭዱ ስር አመድ መነስነስ፣ አጠገቧም የምትንከባለልበት ደረቅ አፈርና አመድ ማኖር ያስፈልጋል። በሰባተኛው ቀን ማታ የሞባይል መብራት ከእንቁላሉ ስር ቢያበሩ ነገሩ ይለያል፦ ፅንስ ያለበት የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀያይ የደም ሥሮች ያሳያል፣ የሌለበት ጥርት ብሎ ያበራል። ጥርት ያለው ይወጣል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ግን እጅ መሰብሰብ ነው፤ ጫጩቱን ለመርዳት ቅርፊት የሚልጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደሙን ያፈሰዋል።

እስከዚህ ድረስ ዶሮዋ የምትወቀስበት ነገር የለም። በገጠር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በደህና ሁኔታ ከታቀፈው እንቁላል ከመቶ ሰባው ወይም ሰማንያው ይፈለፈላል፤ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግን ግማሽ ያህሉ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ጭልፊት፣ ድመት፣ ሸለምጥማጥ፣ ብርድ፣ ረሃብና ፈንግል ተካፍለው ይወስዷቸዋል። የማስታቀፍን ወጪ እንቁጠረው ከተባለ፣ የታቀፈው አሥራ ሁለት እንቁላልና ዶሮዋ ባትታቀፍ ኖሮ በሌላ ዙር ትጥለው የነበረው አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት፣ በድምሩ ሃያ አምስት እንቁላል ገደማ ነው። አምስት ጫጩት ካደጉ እያንዳንዱ የፈጀው አምስት እንቁላል ነው፤ በየትኛውም ገበያ አንድ ዶሮ ከአምስት እንቁላል በላይ ታወጣለች። ስምንት ካደጉ ወጪው ወደ ሦስት ይወርዳል፣ ሁለት ብቻ ካደጉ ከአሥራ ሁለት ያልፋል። ትርፉንና ኪሳራውን የሚለየው መታቀፏ ሳይሆን ያ የስምንት ሳምንት ጊዜ ነው።

ጊዜውን ለማለፍ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ጫጩት ሊፈለፈል ሲል የአስኳሉን ትርፍ ወደ ሆዱ ስለሚስብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሳይበላ መቆየት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በጓሮ ተበትኖ የሚያገኘው አይበቃውም። እናቱን በቅርጫት ወይም በርብራብ ስር አቆይቶ፣ ጫጩቶቹ ብቻ በሚወጡበት ክፍተት ደቃቅ ቂንጬና የተፈጨ በቆሎ መስጠት፣ ውኃውንም ጠጠር በተደረገበት ጠፍጣፋ ዕቃ ማቅረብ ዋናው ነገር ነው። እናቱ ሳትንከራተት ጭልፊቱም ዕድል ያጣል። ቢሾፍቱ የሚመረተው የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ስለሆነ መርፌ አያስፈልገውም፤ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑ ጎረቤት ተሰባስቦ አብሮ ቢያስከትብ ይሻላል።

ጊዜ መምረጥም ከዚሁ ይቆጠራል። ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚበረታው በክረምቱ መግቢያ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ የክረምት ጭቃና ብርድም ለጫጩት አይሆንም። እህል ከሚሰበሰብበት ከኅዳር እስከ ጥር ከሚታቀፍ እንቁላል የሚፈለፈል ጫጩት ደረቅ ጊዜም ጥሬም ያገኛል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ዐቢይ ጾም ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ በቂ ትኩረት ያላገኘ ዕድል ነው፦ በጾሙ ሃምሳ አምስት ቀናት የእንቁላል ፈላጊ ስለሚቀንስ ለማስታቀፍ የሚውለው እንቁላል ርካሽ ነው፣ በጾሙ መጀመሪያ የታቀፈው ጫጩትም ክረምቱ ሳይገባ ከአስጊው ዕድሜ ያልፋል።

ማሽን ገዝቶ መገላገል አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። መቶ ወይም ሁለት መቶ ጫጩት ለሚፈልግና መብራት ለማይጠፋበት ሰው ይቻላል። ግብፆች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በጭቃ ምድጃ ሲፈለፍሉ ኖረዋል፤ ባለሙያዎቹ እንቁላሉን ከዓይን ቆባቸው ጋር አስጠግተው ሙቀቱን ይለኩ ነበር፣ ከምድጃውም አይርቁም። ማሽን ያለ ተቆጣጣሪ አይሠራም፤ ፈልፍሎ ከጨረሰም በኋላ ጫጩቱን የሚያሞቅ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ዶሮዋ ግን ሁለቱንም በክንፏ ትሠራለች። የፈረንጅ ዶሮ በዓመት ከ250 በላይ ትጥላለች የሚለውም እውነት ነው። ቢሆንም እንደ ነጭ ሌግሆርንና ቦቫንስ ብራውን ያሉ ዝርያዎች የመታቀፍ ጠባያቸው በምርጫ የጠፋ ወይም የደከመ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን አይተኩም፣ ቀለብም በወቅቱ ይፈልጋሉ። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የእንቁላል እጦቱ ነው፤ ሁለት ዶሮ ያለው ሰው ግን መፍትሔ አለው። ሁለቱንም በአንድ ቀን አስታቅፎ፣ በተፈለፈሉ ማግስት ምሽት ላይ ጫጩቶቹን በሙሉ ለአንዷ አቅፋ እንድታሳድግ መስጠት፣ ሌላዋን በደንብ መግቦ ወደ መጣሉ መመለስ ነው። እናት ዶሮ ቁጥር አትቆጥርም፣ በጨለማ ስሯ የገቡትን የራሷ አድርጋ ትቀበላለች።

ለማትፈለግ ታቃፊ ደግሞ የላባው ነገር ይቅር። ጎጆ በሌለበት፣ ከስር አየር በሚገባበት ርብራብ ላይ ለሦስትና ለአራት ቀን ከውኃና ከቀለብ ጋር ብትቆይ ሆዷ ይቀዘቅዝና ትተወዋለች። የምትፈለገዋን የሚያስታቅፍ ሰው ግን እንቁላሉን ከመምረጡ በፊት ቅርጫቱን፣ ጥሬውንና ክትባቱን ያዘጋጅ።