የላቀ የእንግሊዝኛ ቃላት ሀብት እንዴት ይገነባል?

በእንግሊዝኛ የዕለት ጉዳዩን በሚገባ የሚፈጽም ሰው እንኳ ጋዜጣ ወይም ልብ ወለድ ሲያነብ በማያውቃቸው ቃላት ሊደናቀፍ ይችላል። የኒውዚላንዱ የሥነ ልሳን ምሁር ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ያለ ረዳት ለመረዳት ከ8 እስከ 9 ሺህ የቃላት ቤተሰቦችን ማወቅ እንደሚያስፈልግ አመልክተዋል። የቃል ቤተሰብ የሚባለው አንድ ቃል ከነርቢዎቹ ነው።

ይህን ሁሉ በፊደል ተራ መሸምደድ ግን አያዛልቅም። የአየርላንዱ ደራሲ ጄምስ ጆይስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በዙሪክ ተቀምጦ ብዙውን ክፍል የጻፈው «ዩሊሲስ» ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ የተለያዩ ቃላትን ይዟል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ብርቅ ቃል የሚፈታው በዝምድናው ነው።

የትርጉም ዝምድናን መሠረት ያደረገው ታዋቂ መጽሐፍ ከጄኔቫ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ በለንደን ቢወለድም አባቱ የጄኔቫ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1803 ናፖሊዮን እንግሊዛውያን እንዲያዙ ባዘዘ ጊዜ ሮዤ በፈረንሳይ ሥር በነበረችው ጄኔቫ ይገኝ ነበር፤ ከእስር የተረፈውም የአባቱን ትውልድ አስመስክሮ ነው። በ1852 ያሳተመው «ቴሳውረስ» ቃላትን በ1 ሺህ የሐሳብ ርእሶች ሥር ይመድባል። ስሙ በግሪክኛ የሀብት ማከማቻ ማለት ሲሆን፣ የግእዙ «መዝገብ»ም ይህንኑ ትርጉም ይዟል።

ሁለተኛው ዝምድና የሥር ነው። ከ«ጻፈ» ጸሐፊ፣ ጽሕፈትና መጻፊያ መውጣታቸውን ለሚያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ መንገዱ እንግዳ አይሆንም። መግለጽ የሚል ትርጉም ያለው «ዲስክራይብ»፣ መድኃኒት ማዘዝን የሚያመለክተው «ፕሪስክራይብ» እና የእጅ ጽሑፍ የሚባለው «ማኑስክሪፕት» ሁሉም ከአንድ የላቲን ግሥ ይመነጫሉ፤ እርሱም መጻፍ ማለት ነው።

የተማሩትን ለማቆየት ደግሞ ጊዜ አራርቆ መከለስ ይበጃል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባወጣው ጥናት፣ ሰው የሸመደደውን አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚረሳና የተከፋፈለ ክለሳ በአንድ ጊዜ ከሚደረግ ጥናት እንደሚልቅ አሳይቷል።

ሆኖም ተቀራራቢ ቃላት እኩያ አይደሉም። «ስሊም» እና «ስኪኒ» ሁለቱም ቀጭን ማለት ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ያሞግሳል፣ ሁለተኛው ከሲታ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል አስቀድሞ ከሚታወቅ ዘመዱ አጠገብ፣ ከነሙሉ ዐረፍተ ነገሩ ቢጻፍ ትርጉሙም አገባቡም አብረው ይያዛሉ።