መራራን የሚያውቀው ማነው?

ኮሶ እንደሚመር የማያውቅ የለም። ለመሆኑ ምላሳችን ምሬቱን በምን ያውቀዋል? በምላስ ሴሎች ላይ «ተቀባይ» የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሰው የመራራ ተቀባዮች ብቻ ወደ 25 ዓይነት አሉት።

እነዚህ ተቀባዮች በተራ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ታዲያ ያሉበት ቦታ እንዴት ይታወቃል? ሳይንቲስቶች የተቀባዩን ቁራጭ ጥንቸል ይወጋሉ። የጥንቸሏ ሰውነት «ይሄ ባዕድ ነው» ብሎ አንቲቦዲ የተባለውን ተከላካይ ፕሮቲን ይሠራል። አንቲቦዲው ከደሟ ተለይቶ ይወጣና በስሱ በተቆረጠ የሰውነት ክፍል ላይ ይደረጋል። ተቀባዩን ሲያገኝ ይጣበቅበታል። የሚያበራ ቀለም ስለሚያያዝበትም ቦታው በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲበራ ይታያል።

በዚህ ዘዴ በ2009 እ.ኤ.አ. የመራራ ተቀባዮች በሰው የአየር ቧንቧ ሴሎች ላይ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮችም ተገኝተዋል። መራራ ነገር ሲነካቸው ፀጉሮቹ ፈጥነው ይወዛወዛሉ።

ግን ቦታው በራ ማለት ተቀባዩ አለ ማለት ነው እንዴ? አይደለም! ተቀባዮቹ እንደ ወንድማማች ስለሚመሳሰሉ አንቲቦዲው አንዱን ከሌላው ሊያምታታ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ተቀባዩ ባለባቸውና በሌለባቸው ሴሎች ላይ ይፈተናል። በሁለቱም ላይ ካበራ ምስክርነቱ ዋጋ የለውም።

የእኛም ሥራ ከዚህ አይርቅም። ነገ ክፍል ገብተን «ገባችሁ?» ስንል «አዎ!» የሚል ድምፅ ብቻ አያታለን። ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን የተሳሳተውንም ሰሌዳ ላይ ጽፈን «ይሄስ?» እንበል። ለሁለቱም «አዎ» ከተባለ፣ ትምህርቱ እንደገና ይጀመር።