በሲሊንደር ትከሻ ላይ የተቀረጸ ሕግ

40 ሊትር ውኃ የሚይዝ የብረት ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ኦክስጅን ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ጋዝ ይይዛል። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ የሳንባ ምች ታማሚ ይህ የ20 ሰዓት ትንፋሽ ነው። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ተኩል ገደማ ነው፤ ሲሊንደሩ የያዘው ግፊት የዚያ ስድሳ እጥፍ ይሆናል። ወድቆ አንገቱ ቢሰበር ወይም ቫልቩ ቢወልቅ፣ ያ ሁሉ ግፊት በአንዲት ቀዳዳ ሲወጣ ከባዱን ብረት እንደ ጥይት አስፈንጥሮ ግድግዳ ያስጥሰዋል።

በሰሜን ወሎ ወልድያም መርሳም ይህን ዕቃ ያውቁታል። የሆስፒታሎቹ የቀዶ ሕክምናና የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። በያጆች ኦክስጅንና አሲትሊን ጎን ለጎን አቁመው ይሠራሉ፤ ምግብ ቤቶችና ቤተሰቦች ደግሞ በትንንሾቹ የቡታጋዝ ሲሊንደሮች ያበስላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ኦክስጅንን በደም ውስጥ የኦክስጅን እጥረት ላለባቸው ሕሙማን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መድኃኒት ከሆነ ዘንድ መያዣው እንደ መድኃኒት ብልቃጥ የማያሳስት መሆን አለበት።

ጋዙን በአገር ውስጥ ማምረት ይቻላል፤ ኦክስጅን ከአየር ተለይቶ የሚወጣ ነውና። ባሕር ዳር ላይ የሕክምና ኦክስጅን ማምረቻ አለ፤ ከዚያ በወረታና በጋሸና በኩል ወልድያ ለመድረስ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ብረቱ ግን በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። አንዱ ቻይና ተሠርቶ፣ ሌላው ሕንድ፣ ሌላው ጣሊያን ወይም እንግሊዝ ተሠርቶ በጅቡቲ ወደብ ይገባል። በሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሆስፒታል እንደተዘረፈው ዓይነት ጉዳት ሲደርስ ደግሞ እርዳታ ከያቅጣጫው ይመጣል፤ ከእርዳታው ጋር የየአገሩ ደረጃ፣ የየአገሩ ቀለም፣ የየአገሩ የቫልቭ ጥርስ አብሮ ይገባል።

ቀለሙን እንመልከት። ጥቁር የተቀባ ሲሊንደር በቀድሞው የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ልማድ ኦክስጅን ነው። በዓለም አቀፉ የሕክምና ጋዝ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 32 በሚባለው፣ ጥቁር ናይትሮጅን ነው፤ ኦክስጅን ነጭ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦክስጅን አረንጓዴ ይቀባል። አውሮፓ ውስጥ ግን ትከሻው ጥቁር አረንጓዴ የሆነ የኢንዱስትሪ ሲሊንደር አርጎን ይዟል፤ አርጎን ደግሞ በማስክ ለሰው ቢሰጥ ያፍነዋል። ሁለት አገር የሰለጠኑ ሁለት ነርሶች አንድን ሲሊንደር አይተው ሁለት ነገር ሊያነቡ ይችላሉ። ስለዚህ ነው በቀለም ብቻ አትመኑ፣ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ የሚባለው።

ከቀለሙ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥርሱ ነው። ቫልቭ ሲሊንደሩ አንገት ላይ የሚታሰረው በጥርስ ነው። 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥርስና የሦስት አራተኛ ኢንች ጥርስ ለዓይንም ለእጅም እጅግ ይቀራረባሉ፤ አንዱ ለሌላው ተብሎ በተሠራ አንገት ውስጥ በተወሰነ ደረጃ ይገባል፣ የያዘም ይመስላል። ባሕር ውስጥ በሚጠልቁ ሰዎች የአየር ሲሊንደር ላይ ይህ ስህተት ተደርጎ፣ ግፊቱ ሲሞላ ቫልቩ ተፈናጥሮ ሰው ጎድቷል። የሚያሳስተው መመሳሰሉ ነው፤ ፈጽሞ የማይገባ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሞክረውም ነበር። በጎ ምሳሌም አለ። በማደንዘዣ ማሽን ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ ሲሊንደሮች በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት የፒን አሠራር አላቸው፤ ኦክስጅን ቁጥር 2 እና 5፣ ናይትረስ ኦክሳይድ 3 እና 5 ቀዳዳ አለው። ስፍራውን የሳተ ሲሊንደር አይገጥምም። ባለሙያው ደክሞት እንኳ ብረቱ ራሱ እንቢ ይላል። የደረጃ ስምምነት ውጤቱ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

የሲሊንደሩ ሙሉ ታሪክ የተጻፈው ትከሻው ላይ ነው፤ በቀለም ሳይሆን በመዶሻ ተመትቶ። የተሠራበት ደረጃና አገር፣ መለያ ቁጥሩ፣ ባዶ ክብደቱ፣ የሚይዘው የውኃ መጠን፣ የሥራ ግፊቱ፣ የፍተሻ ግፊቱ፣ የአንገቱ ጥርስ ዓይነትና የመጨረሻ ፍተሻው ቀን ይገኝበታል። የሥራ ግፊቱ 150 ባር የሆነ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ የሚፈተሸው በአንድ ተኩል እጥፉ፣ በ225 ባር ነው። ፍተሻው ውኃ ተሞልቶ ይደረጋል፤ ውኃ እንደ ጋዝ ስለማይታመቅ ብረቱ ቢከዳ እንኳ አይፈነዳም። በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ጭነት ደንብ ለኦክስጅን ሲሊንደር ይህ ፍተሻ በየ10 ዓመቱ ይደገማል።

ትከሻው ላይ ያለው የሥራ ግፊት የተለካው በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመርሳ ዙሪያ ያለው የሀብሩ ቆላ ይህን ቁጥር አያውቀውም። 150 ባር የተሞላ ሲሊንደር በጠራራ ፀሐይ ጭነት ላይ ውሎ 45 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 166 ባር ይወጣል። ደንቡ ይህን አስቦበታል፤ ጋዙ 65 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ግፊቱ ከፍተሻው ግፊት እንዳያልፍ ያዝዛል። ጥንቃቄው ግን የሚሠራው ሲሊንደሩ በጊዜው ተፈትሾ፣ ልኩን ሳያልፍ ከተሞላ ነው።

አገሮች ይህን ሁሉ በአንድ ቋንቋ ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ጭነት ምክረ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1956 ወጣ። በዓመቱ የአውሮፓ አገሮች ጄኔቫ ላይ የመንገድ ጭነት ስምምነት ፈረሙ፤ በ1968 ሥራ ላይ ዋለ። እንዲያም ሆኖ ጀርመን ተፈትሾ ያለፈ ሲሊንደር ፈረንሳይ ሲገባ እንደገና ፈቃድ ይጠየቅበት ነበር። ያ የቀረው የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ ፓይ የምትባለው የግሪክ ፊደል የተመታበት ሲሊንደር በሁሉም አባል አገር እንዲታመን ሲደረግ ነው። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ሮ የምትባል ሌላ ፊደል አመጣች፤ አንድ የነበረው ምልክት ሁለት ሆነ። የተስማሙበት ሕግ ካልተጠበቀ ተመልሶ ይበተናል።

አሁን ወደ እኛው መንገድ እንመለስ። ሙሉ ሲሊንደር በመርከብ ሲጫን ዓለም አቀፉ የባሕር አደገኛ ጭነት ደንብ ይገዛዋል፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ግዴታ ነው። በአውሮፕላን ቢመጣ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ አለ፤ ኢትዮጵያም የድርጅቱ አባል ናት። ለኦክስጅን 1072፣ ለማብሰያ ጋዝ 1075 የሚለው ቁጥር በባሕርም በአየርም ያው ነው። ጅቡቲ ወርዶ በጋላፊና በሚሌ፣ በባቲም አልፎ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ መርሳ ሲደርስ ግን ሊገዛው የሚገባው ያ የጄኔቫው የመንገድ ጭነት ስምምነት ኢትዮጵያ ያልገባችበት ነው። ሾፌር ለአደገኛ ጭነት የተለየ ሥልጠና ወስዶ በየ5 ዓመቱ የምስክር ወረቀቱን እንዲያድስ የሚያዘው ይኸው ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 መባቻ ጀምሮ «የአውሮፓ» የሚለው ቃል ከስሙ ወጥቷል፤ የሁሉም ነው ለማለት። ሞሮኮና ቱኒዚያ ቀድመው ገብተውበታል፤ ናይጄሪያ በ2018፣ እንደ እኛው ወደብ የሌላት ዩጋንዳ በ2022 ተከተሉ። ኢትዮጵያም ብትገባ እመኛለሁ፤ ጭነቷ አብዛኛው በመንገድ ነውና።

ፊርማው ብቻውን ብረት አይፈትሽም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም የተስማሚነት ምዘና ድርጅትም አሉን፤ በናይሮቢ መቀመጫውን ያደረገው የአፍሪካ የደረጃዎች ድርጅት፣ እንዲሁም የአህጉራዊው ነፃ ንግድ ስምምነት ስለ ደረጃዎች ያለው አባሪ፣ ለመነጋገሪያ መድረክ ይሆናሉ። በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚያስፈልገው የውኃ ግፊት መፈተሻ ጣቢያ ለተጠቃሚው ማቅረብ ነው። ለሰሜን ወሎ ኮምቦልቻ ትመቻለች፤ የጅቡቲው መንገድና የወልድያው መንገድ የሚገናኙባት፣ ደረቅ ወደብም ያላት ከተማ ናት። ከወልድያ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በዚያ በኩል ባዶ ሲሊንደር ለማስሞላት የጫነ አይሱዙ የፍተሻ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን እዚያው ለይቶ ሊያወርድ፣ ሲመለስ አዲስ ቀን የተመታባቸውን ሊጭን ይችላል።