ማሲንቆና ኪቦርድ በቂርቆስ

ከጎተራ ማሳለጫ ተነሥቶ በመሿለኪያ በኩል መስቀል አደባባይ የደረሰ ሰው ግዮን ሆቴልን በቅርብ ያገኘዋል፤ ከዚያ ሽቅብ ሒልተንና ካዛንቺስ ይከተላሉ። የሀገር ዜማችን ከዘመናዊው ጋር የተቀየጠበትን ታሪክ ለማየት ከዚህ የቂርቆስ መስመር ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

«የዓለም ሙዚቃ» የሚለውን ስያሜ በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተስማሙበት የለንደን ሸክላ አሳታሚዎች ናቸው፤ ዓላማቸውም ለሱቅ መደርደሪያ ስም ማግኘት ነበር። እኛ ዘንድ ቅየጣው ይህን በብዙ ይቀድማል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ባንድ ሆኑ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ቆይተው መጡ። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን አሰማ።

ከባዱ ነገር ግን መሣሪያው ሳይሆን ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ ይሄዳሉ፤ ፒያኖ አሥራ ሁለት አለው። ኮርዱ ሲበዛ ቅኝቱ ይጠፋል፣ ሲያንስ ዘመናዊነቱ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ለንደንና ቦስተን የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ዜማውን በአምስቱ ድምፅ ትቶ ከሥሩ የጃዝ ኮርድና የላቲን ምት አስገባ። ኢትዮ ጃዝ የምንለው ይህን ነው። ሙላቱ ኋላ ላይ በግዮን የአፍሪካ ጃዝ መንደርን ከፍቷል።

ሒልተን ደግሞ የዋልያስ ባንድ ቤት ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር የማታ ክበቦች ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። የባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ቀርቶ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ አልበም እና በ2005 የሙላቱን ሥራ ያሰማው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ለሙዚቃችን የውጭ ጆሮ ከፈቱ። ውለታቸው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ በ1970ዎቹ ያበቃ አስመስለውታል። ጂጂ በ2001 ከቢል ላዝዌል ጋር የሠራችው አልበም፣ የሳሙኤል ይርጋ ፒያኖ፣ የእንደገና ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፣ ባህላዊ ዜማን ከዳንስ ምት ጋር ያገናኘው ሮፍናን፣ ሁሉም የዚሁ ሥራ ቀጣዮች ናቸው።

ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የካዛንቺሱን ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በ2008 ተረከበ። ማሲንቆ በሚመቱ፣ ቅኔ በሚቀበሉ ሰዎች መካከል ጃዝና ከውጭ የመጡ ባንዶች ተጫወቱበት። በ2024 ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ከሰፈሩ ተነሣ። አልበም በየትም ስቱዲዮ ይቀረጻል፤ አዝማሪና ኪቦርዲስት የሚተዋወቁት ግን አንድ ጣሪያ ሥር በየምሽቱ ሲጫወቱ ነው። አዲሱን ካዛንቺስ የሚነድፉ ባለሙያዎች ከቢሮና ከአፓርታማው መካከል ለእንዲህ ያሉ ትናንሽ ቤቶች፣ ኪራያቸው በአዝማሪ አቅም የሚቻል፣ ቦታ ይተዉ።