ስለ አርማታ ሕንጻዎች አጠባበቅ
(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



በጎንደር ስለ ቅርስ ጥበቃ በተነሣ ጊዜ የሁላችንም ዓይን ወደ ፋሲል ግቢ ያመራል። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነውና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ከግቢው ወጣ ብለን ፒያሳ ስንደርስ፥ በጣልያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. የተሠሩትን የፖስታ ቤቱንና የሲኒማ ቤቱን ሕንጻዎች እናገኛለን። ጠላት የሠራው ነው ብሎ የሚንቃቸው አይጠፋም፤ ሲገለገልባቸው የኖረው ግን የእኛው ሰው ነው።

በዚያው ዘመን የነገሥታቱ ግንቦች በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። ግንቦቹ የድንጋይና የኖራ ሥራ ናቸው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። የዛሬው ስሕተታችን ደግሞ አርማታን እንደ ድንጋይ ዘለዓለማዊ አድርገን መቍጠራችን ነው።

አርማታ በውስጡ ፌሮ አለው። ሲሚንቶው አዲስ ሳለ በባሕርዩ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል። ሆኖም በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዓመት ወደ ዓመት ጥቂት በጥቂት እየዘለቀ ያን ጠባቂ ኃይል ያጠፋዋል። ከዚያም የክረምት ውሃ ሲደርስበት ፌሮው ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ላይ ልስን መለሰንና ቀለም መቀባት ቍስልን ሳያጥቡ እንደ መጠቅለል ነው። የላላውን አንሥቶ፥ ዝገቱን ጠርጎ፥ ከሁሉ በፊትም ውሃው የገባበትን መዝጋት ይገባል።

እንዲህ ያለው ሥራ እንደሚቻል አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ምስክር ነው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንጻ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። ከብዙ ዓመት እድሳት በኋላም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። አዳሾቹ ሕንጻው የምድር መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም አጠናክረውታል፤ መልኩን ግን አልለወጡም። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም፥ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሆነው፥ በቦታው አለ።

በየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ዓመት ሊያልቅ ሲል ቀለም መቀባት የተለመደ ነው፤ ያውም ዝናቡ በሚጀምርበት በሰኔ! እንግዲህ ቀለም ቀቢው ከመጠራቱ በፊት አሸንዳው ይጠረግ፤ በሰገነቱም ሥር ቡናማ የዝገት መሥመር ወርዶ እንደ ሆነ ቀና ብለው ይመልከቱ።