የሕሙማን ጥሪ እሪ በከንቱ እንዳይሆን

በአራዳ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሁሉ እሪ በከንቱ የተባለውን ሰፈር ስሙን ያውቀዋል። የስሙም ምክንያት ከአባቶች ሲነገር እንደ ቆየው፥ በቀድሞ ዘመን ስፍራው ሰው የማይደርስበት አስፈሪ ቦታ ስለ ነበረ፥ መንገደኛው በምሽት ወንበዴ ቢያገኘው ሰሚ አጥቶ በከንቱ እሪ ይል ነበርና ነው። ዛሬ ይህን ስም ማንሳታችን ስለ ወንበዴ ለመናገር አይደለም፤ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ በሌሊት ውኃ ወይም የሚያገላብጠው ሰው ፈልጎ ስለሚጣራው ሕመምተኛ ለመናገር ነው እንጂ።

ነርሷ ሳትደርስለት ብትዘገይ ዘመዶቹ ስንፍናዋን ይነቅፋሉ። ነገር ግን ነገሩን ቀርበን ብንመረምረው፥ እርሷ በዚያ ሰዓት የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ለማድረስ፥ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ለማምጣት ወይም አንሶላ ለመቀበል ሄዳ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ እንደ ተጻፈው፥ በ2018 በዓለም ሁሉ 28 ሚሊዮን ያህል ነርሶች ሲኖሩ 5.9 ሚሊዮን ያህል ይጎድሉ ነበር፤ ጉድለቱም የበረታው በድኾች አገሮች ነው። እንግዲህ ቁጥሯ ያነሰችው ነርስ ጉልበቷን በመመላለስ ከጨረሰችው፥ ለሕመምተኛው የሚተርፈው ምንድን ነው?

ስለዚህ በሌሎች አገሮች የመመላለሱን ሥራ ለሮቦት መስጠት ተጀምሯል። ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 እ.ኤ.አ. በጻፈው ቴአትር ነው፤ የቃሉም ምንጭ በአገሩ ቋንቋ የግዴታ ሥራ ማለት ሲሆን፥ በእኛ አገር ገባር ለጌታው ሁዳድ ያርስ እንደ ነበረው ያለ ነው። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሄልፕሜት የተባለ መሣሪያ በሐኪም ቤት ውስጥ መንገዱን ራሱ እያወቀ ምግብና መድኃኒት ያመላልስ ነበር።

ይህ ነገር ለአፍሪካ አይሆንም የሚል ቢኖር ሩዋንዳን ይመልከት። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፥ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አምስት ሮቦቶች ሰጥቷት፥ የሰውነት ሙቀት እየለኩ፥ ለሕሙማን ምግብና መድኃኒት እያደረሱ፥ ሐኪሞችና ነርሶች ከተላላፊው በሽታ ጋር የሚገናኙበትን ጊዜ አሳንሰዋል።

ወደ ከተማችንም ስንመለስ ሙያው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሶፊያ የተባለችው፥ መልኳ ሰው የሚመስለው ሮቦት በሆንግ ኮንግ ብትሠራም፥ ለማሰቢያዋ ከተጻፈው መመሪያ ከፊሉ የተዘጋጀው አይኮግ ላብስ በተባለው ድርጅት በሚሠሩ የአዲስ አበባ ወጣቶች ነው። በ2010 ዓ.ም. ወደ ከተማችን መጥታ በአማርኛ ተናግራለች። ሠሪዎቿም በ2021 እ.ኤ.አ. ግሬስ የተባለች እኅቷን የነርስ ልብስ አልብሰው፥ አረጋውያንን እንድታጫውትና በደረቷ ባለው መሣሪያ ሙቀታቸውን እንድትለካ አድርገው አሳይተዋል።

እኛ ግን የምንመርጠው ሌላውን ነው። ለሕመምተኛው የሚያስፈልገው የሰው ፊት የመሰለ መሣሪያ ሳይሆን ሰው ራሱ ነውና፥ ሮቦት የነርሷን እግር ይተካ እንጂ እጇንና ዓይኗን አይተካ እንላለን። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ሙያ ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመርቀዋል፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመታቸው በነቀምቴ ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ከሙያዎች ሁሉ መርጠው ይህን መማራቸው፥ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ መቆም ታላቅ ክብር መሆኑን ያስረዳል። ይህን ክብር ያላት ሙያተኛ እንደ ዕቃ ማመላለሻ ስትሮጥ መዋሏ የሚያሳዝን ነው።

እርግጥ ነው፥ መሣሪያውን መግዛት ብቻ አይበቃም። ደረጃ የበዛበትን ቤት መንኰራኵር አይወጣውም፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቋረጣል፤ የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫ ከሌለም ውድ ዕቃ በጥግ ቆሞ አቧራ ይለብሳል። ስለዚህ አዲስ ሐኪም ቤት የሚያሠሩ ሹማምንትና ባለጸጎች ገና መሠረቱ ሲጣል የተስተካከለ ወለልና የማይቋረጥ ኃይል እንዲታሰብ፥ ወጣቶቻችንም ጥገናውን እንዲማሩ ቢያደርጉ መልካም ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ነርሶቹን፥ ከሸክማችሁ የትኛው ይቅለላችሁ፥ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የሸክሙን ክብደት የሚያውቀው የተሸከመው ነውና።

ለቤተሰብም የምንለው አለን። መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ በአገራችን የሮቦቱን ሥራ የሚሠራው አስታማሚው ዘመድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ተራ ገብቶ፥ አንዱ መድኃኒት ሲያመጣ አንዱ ምሳ ሲያደርስ፥ ጠያቂውም ክፍሉን ሳያጨናንቅ ቢመለስ፥ ለነርሷ ትልቅ እርዳታ ነው። ልጃቸው ነርስ ልሁን ስትላቸው የሚያዝኑ ወላጆች ቢኖሩም፥ ኀዘናቸውን ትተው ቢመርቋት ይሻላል።

እሪ በከንቱ የሰፈር ስም ሆኖ ይኑር፤ የሐኪም ቤት ስም ግን አይሁን። ዕቃውን መንኰራኵር ይሸከመው፤ የታመመው ሰው በሌሊት ሲጣራ ግን ሰው ይድረስለት።